ኢያሱ፣ ብርቱካኑና የመሪጌታ ልጅ

ማንም ለሁለት ጌቶች መገዛት አይችልም ይላል መጽሐፉ። ልክ ነው፤ ግን ይህ ሲጻፍ ሰባተኛ ክፍል ገና አልተከፈተም ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለሁለት ጌቶች አሳምሮ ይገዛል፤ ያውም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ደብተር፣ አንዱን ጌታ ከፊት ሌላውን ከኋላ እየጻፈ። ፈተና ሲደርስ ለሁለቱም የሚወዱትን ይመልስና ከሁለቱም አሥር ከአሥር ይቀበላል። ይህ ብልሃት የሚጠፋው ሰው ሲያድግ ነው። ከእኔ ላይ በጠፋ ጊዜ ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ትሰጣላችሁ። ብትፈርዱብኝም ግድ የለኝም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ዲላ ከተማ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሳይንስ እንዳስተምር ወደዚያ ስላክ ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼ «የቡና አገር ነው፣ ታድለህ!» ብለው ሸኙኝ። ቡናው እውነት ነው። ስለ ዝናቡና ስለ መሪጌታ ልሳነወርቅ ግን የነገረኝ የለም።

መሪጌታ ልሳነወርቅ የግብረ ገብ አስተማሪያችን ነበሩ። ጎጃም ቅኔ ተምረው፣ ተቀኝተው፣ አስተምረው፣ ከብዙ አገር በኋላ ዲላ የደረሱ ሰው ናቸው። ጥቁር ጃንጥላቸውን በዝናብም በፀሐይም አይለዩትም። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእሳቸው፣ አራተኛው የእኔ ነው። በመካከላችን ያለው ድንበር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አንድ የጭነት መኪና ቸርኬ ብቻ ነበር። ዘበኛው ቸርኬውን በብረት ሦስት ጊዜ ሲመታው፣ እስከዚያ ድረስ ቆማ የነበረችው ምድር መዞር ትጀምራለች፤ ስትሮጥ ያረፈደችው ፀሐይም ታርፋለች። ተማሪዎቹን ነገሩ አላስጨነቃቸውም። አንዱ ጮሌ እንዲያውም በፈተና ላይ «የሚዞረው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እንደ አስተማሪው ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት፤ ምን ላድርግ?

እኔና መሪጌታ በዚህ ሁኔታ እስከ ዕለተ ሞታችን በሰላም መኖር እንችል ነበር። ግን መሪጌታ ሴት ልጅ ነበረቻቸው።

አስካለ እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ስለ መልኳ አልናገርም፤ ብናገር ታጋነናለህ ትሉኛላችሁ። ስለ ምላሷ ግን ልናገር። ከተዋወቅን በሳምንታችን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ወባ ትንኝ ረጅም ማብራሪያ ስሰጥ ሰምታ ስታበቃ፣ «መምህር ተፈራ፣ ትንኟ እንኳን ነክሳ ትሄዳለች» አለችኝ። ያን ዕለት አለቀልኝ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተን ሁለታችን ተስማማን፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። ፈጠን ማለትም ያስፈልግ ነበር፤ ከይርጋጨፌ ቡና እየገዛ የሚያመላልስ አንድ ባለ ላንድሮቨር ነጋዴ ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ ልኮ ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። እኔ ያለኝ ብስክሌት ነው፤ እሱም የትምህርት ቤቱ።

ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው። ሦስት ሰው አሰባሰብኩ። አንደኛው አከራዬ ጋሽ ዳካ ናቸው፤ የጌዴኦ ሰው፣ ከከተማው ዳር ቡናና እንሰት ያላቸው ገበሬ፣ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። አገሬው በሶንጎ፣ ማለት ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሸንጎ ላይ፣ እሳቸው ሳይናገሩ ፍርድ አይቆርጥም ይባላል። ሁለተኛው አቶ ወልዴ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛውን ስማቸውን አልጠራም፣ የመጡት ለጠጁ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቼ እሑድ ሊሄዱ፣ እኔ ረቡዕ ዕለት አፌን ከፈትኩ።

ትምህርቱ ቀንና ሌሊት እንዴት እንደሚፈራረቁ ነው። መሪጌታ ደግሞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኢያሱ በጦርነት መካከል ፀሐይን እንዳቆመ አስተምረዋቸው ወጥተዋል። መስኮቱን በጆንያ ጋርጄ፣ ፋኖስ አብርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ አንድ ብርቱካን በሽቦ ወግቼ ከፊቱ አዞርኩ። ፋኖሱ ፀሐይ ነው፣ ብርቱካኑ ምድር ነው፣ በቀለም የነቆጥኩት ዲላ ነው፤ አሁን ነጋ፣ አሁን መሸ። ክፍሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሬኮ ከሚባል ገጠር መጥታ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኢያሱ ያቆመው ፋኖሱን ነው ወይስ ብርቱካኑን?» አለችኝ።

ጎበዝ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ያስላል። ቸርኬው እስኪመታ ድረስ ያስላል። እኔ ግን መልስ የመሰለኝን ይዤ መዋል ያመኛል። እንደ ሳይንሱ ከሆነ መቆም ያለበት ብርቱካኑ ነው፣ ብርቱካኑ ድንገት ቀጥ ካለ ደግሞ ዲላ ከነገበያዋ ተፈናጥራ የት እንደምታርፍ እንጃ አልኳቸው። ቀጥዬም ኢያሱ የጦር አዛዥ እንጂ የጂኦግራፊ አስተማሪ አልነበረም፤ ዓይኑ እንዳየው ተናገረ፤ እኛስ እስከ ዛሬ «ፀሐይ ጠለቀች» እንል የለም ወይ፣ የት ነው የጠለቀችው? አልኩ። በቃ። ይሄ ስድብ ነው? ይሄ ክህደት ነው?

ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው መምህራን ማረፊያ ሲደርስ «ኢያሱ መሃይም ነበር አለ» ሆኗል። በማግስቱ ገበያ ውስጥ «ኢያሱ የሚባል ሰው አልተፈጠረም አለ» ተባለ። ዓርብ ዕለት እህል ወፍጮ ቤት ሲደርስ ብርቱካን የሚያመልክ አስተማሪ መጥቷል ተብሎ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ስለማስቀረት ይማከሩ ነበር። መሪጌታ ግን እንደ ወትሮው ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

እሑድ ሽማግሌዎቼ ሄዱ። የሆነውን በኋላ አቶ ወልዴ ነገሩኝ። መሪጌታ መጀመሪያ ጋሽ ዳካን አዩና ፊታቸው ጠቆረ፤ የሚሲዮን ሰው በእሳቸው ቤት ለሽምግልና! ጋሽ ዳካ ደግሞ አማርኛቸው አንቱታ አያውቅም፣ ሴትና ወንድም አይለይም፤ ለገዥውም ለሕፃኑም «አንተ» ነው። «አንተ መሪጌታ፣ እኛ ልጅ ልንጠይቅ መጣን፤ እምነት ልንለዋወጥ አልመጣንም» አሏቸው። መሪጌታ «አንተ»ዋን እንደምንም ዋጧትና መልሳቸውን ሰጡ። ልጁን አልጠላውም፣ አሉ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ነውር አይደለም። ዘመዱ ሩቅ ነው፣ ነውር አይደለም። ነገር ግን ኢያሱን በተማሪ ፊት ያዋረደ በተማሪ ፊት ይመልሰው። ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ፊት ወጥቶ «ፀሐይ በገባዖን ቆማለች፤ እኔ ተሳስቻለሁ» ይበል። ያን ጊዜ ልጄ የእሱ ናት። ካላለ፣ ባለ ላንድሮቨሩ ቀጠሮ አለው። እናንተም በአሥራ አምስት ቀን ተመልሳችሁ ቁርጡን ስሙ።

አላደርገውም! አልኩ፣ ገና አቶ ወልዴ ሳይጨርሱ። አቶ ወልዴ መከሩኝ። ወንድሜ፣ አሉኝ፣ ፀሐይ እንደሆነች አንተ ቆመች ብትል አትቆም፣ አልቆመችም ብትል አትቀየም። ሁለት ቃል ተናግረህ ሚስትህን ይዘህ ግባ፤ ሚስት ናት የምትሄደው። ጋሽ ዳካ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ አዩኝ።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። እኔ ከሃዲ አይደለሁም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ መብረቅ ሲጮህ ከማንም ቀድሜ አማትባለሁ። ግን እግዚአብሔር ጭንቅላት የሰጠኝ ለባርኔጣ ማስቀመጫ አይመስለኝም! ያኔም አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም። ደግሞ የዚያች የሬኮ ልጅ ነገር ነበር። ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ኖራ አንድ ቀን ጠየቀች። ሰኞ ወጥቼ «ተሳስቻለሁ» ብል፣ ሁለተኛ እጇን የምታወጣ ይመስላችኋል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝነቱ አልበቃ ብሎኝ ወረቀቱንም ጨመርኩበት። ለምን አላስታርቃቸውም? አልኩ። መጽሐፍ ቅዱስና ሳይንስ የተጣሉ ዘመዳሞች ከሆኑ እኔ ሽማግሌ እሆናለሁ። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝቼ በላዩ «ተአምራት በሳይንስ ዓይን» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና ሌት ተቀን ሠራሁ። ቀይ ባሕር የተከፈለው በንፋስ ነው፤ ይሄንን እኔ አላመጣሁትም፣ ብርቱ የምሥራቅ ንፋስ ሌሊቱን ሁሉ ነፈሰ ብሎ የጻፈው ራሱ መጽሐፉ ነው። መና የበረሃ ቁጥቋጦ የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ሙጫ ነው። የኢያሪኮ ቅጥር የወደቀው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ዮናስ ዘንድ ስደርስ አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤ «ይቆየን» ብዬ አለፍኩት። ስለ በለዓም አህያ መናገር ግን ምንም ማብራሪያ አልጻፍኩም፤ በየወሩ የመምህራን ስብሰባ ስለምቀመጥ ነገሩ አላስደነቀኝም።

የኖኅ ውሃ ከሁሉ አስቸገረኝ። ከዲላ ወጣ ሲሉ ኮረብታው ላይ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ በጣም ብዙ ናቸው፣ ማን እንደተከላቸው ሽማግሌውም አያውቅም። ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ ወስጄ ሳሳያቸው «ከኖኅ በፊት ከሆኑ ውሃው ለምን አልጣላቸውም?» ብለውኝ «አላውቅም» ብያቸው ነበር። በደብተሬ ላይ ግን «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝና ሦስት ገጽ ሞላሁበት። ሳስታውሰው ዛሬም ያመኛል፤ አላውቅምን ሦስት ገጽ ማስረዘም የሚችል ሰው ነው እኮ አገራችን ውስጥ ሊቅ የሚባለው።

ደብተሩን ለመሪጌታ በክብር ሰጠሁ። በማግስቱ መለሱልኝ። አርመውታል! በቀይ እርሳስ! ንፋሱ ላይ «ይህ ንፋስ ግብፆቹ እስኪገቡ የጠበቀው በማን ሰዓት ነው?» የሚል ተጽፏል። ኢያሪኮ ላይ «የመሬት መንቀጥቀጥ ሰባት ዙር ይቆጥራል ወይ?» ይላል። መና ላይ «ሙጫ ከሆነ ዓርብ ዓርብ እጥፍ የሚሆነው የቅዳሜን ሰንበት ዐውቆ ነው?» ብለዋል። ድንጋዮቹ ላይ «ያላወቁትን አላውቅም ማለት ያባት ነው» ብለው አስምረውበታል። ከመጨረሻው ገጽ ሥር ደግሞ፦ «ካድኩ ብትለኝ እጸልይልህ ነበር። አንተ ግን እግዚአብሔርን የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አደረግኸው። አራት ከአሥር።»

አራት ከአሥር! ተናደድኩ፤ እስከ ማታ ተናደድኩ። ከዚያ ቀዝቀዝ ስል ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሽማግሌው ልክ ናቸው። በኢያሱ አይደለም፤ በደብተሩ ነው ልክ የሆኑት። ደብተሩን የጻፍኩት አምኜበት አልነበረም፤ እሳቸውንም ሳይንሱንም ላለማስቀየም፣ እንደዚያ ጮሌ ተማሪ ከሁለት ወገን ማርክ ልሰበስብ ነው። ተማሪው ልጅ ነው፣ ያምርበታል፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩትና፣ ከእንግዲህ ማስታረቅ የለም፣ ይቅርታም የለም አልኩ። የማውቀውን ዐውቃለሁ፣ ያላወቅሁትን አላውቅም። ይሄው ነው!

አስካለ ይህን ስነግራት ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ማንም አለመኖሩን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ለመሆኑ፣ አለችኝ፣ የምታገባው እኔን ነው ወይስ ኢያሱን? እኔም እንድልላቸው ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ብትል ዕድሜዬን ሙሉ እንቅሃለሁ፤ ባትል ለሰው ይድሩኛል» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ በፊት እንባዋን አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ደረሰ። ነገሩን ያልሰማ የለም፤ ወደ ገበያ ቡና የጫኑ ሰዎች ሳይቀሩ በቅሏቸውን አቁመው በአጥር ያያሉ። ባንዲራው ተሰቀለ፣ መዝሙሩ ተዘመረ። ዲሬክተሩ አዩኝ። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ተደግፈው አዩኝ። አስካለ አንደኛ ክፍሎቿን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ወደ ፊት ወጣሁ። «ዛሬ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ፋኖሱንና ብርቱካኑን ይዤ እመጣለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» አልኩና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። መሪጌታ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ጀግና የሆንኩ ይመስላችኋል አይደል? አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ማንም እጁን አላወጣም። ብርቱካኑን እያዞርኩ፣ አስካለን አጣኋት እያልኩ ብቻ ነበር የማስበው።

እሑድ ሽማግሌዎቼ ለቁርጡ ሄዱ። በወጉ መሠረት ጠያቂው እዚያ ድርሽ አይልም፤ ቤቱ ተቀምጦ ዜናውን ይጠብቃል። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። ቀን ነው፣ ካፊያ ይላል፤ በመሪጌታ ቤት ኋላ በኩል፣ በማድ ቤቱ ጥግ፣ ከሸምበቆው አጥር ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ነውር ነው? አዎ፣ ነውር ነው።

ሁሉም ይሰማል። መሪጌታ «ጆሯችሁ ሰምቷል፤ ልጁ አላለም። በቃ» አሉ። አቶ ወልዴ ስለ ማርያም አሉ፣ ስለ ክርስቶስ አሉ፤ ወይ ፍንክች! ሦስተኛው ሽማግሌዬ ጠጁ እንደማይቀርብ ሲገባቸው አዘኑ። ያኔ ጋሽ ዳካ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አንተ መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለሰው አልተናገርነውም፤ ይህ ልጅ እንዳይሳቅበት ነው» አሉ። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ ምን ሊሉ እንደሆነ ዐውቄያለሁ። ጋሽ ዳካ፣ ይህንንስ አይናገሩ!

ተናገሩት። ይህ ልጅ ቤቴ ሲገባ፣ አሉ፣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከጓሮ ሸተተው። ሄዶ አየ፣ ጉድጓድ አለ፣ በኮባ ተሸፍኗል። ሚስቴ እንሰቱን ፍቆ የቀበረው ቆጮ ነው፤ የስድስት ወር ምግባችን። እሱ የበሰበሰ ነገር መሰለው። ለሽንት ቤት የሚሆን ኖራ ከትምህርት ቤት ተሸክሞ አመጣ፤ አንድ ኬሻ ሙሉ ደፋበት። ከዚያ ደስ ብሎት ገባ፣ ሁላችንን ሰበሰበ፣ ስለ ዝንብ አስተማረን። ሚስቴ አለቀሰ። እኔ ግን አመሰግናለሁ አልኩት። እንግዳ ነው፤ አስተማሪ ነው። ሰው ከሳቀበት ልጆቻችን አይሰሙትም። ስድስት ወር ወንድሞቼ አበሉን።

ጋሽ ዳካ ቀጠሉ። ኋላ ቆጮ ሰጠነው። በላ፣ ጣፈጠው፣ እንዴት ይሠራል አለ። ሚስቴ ጉድጓዱን አሳየው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ሚስቴ እግር ላይ ወደቀ፤ ማንም አላስገደደውም። ቆጮ በእኛ የሴት ሥራ ነው፤ እሱ ራሱ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ኮባ ተሸከመ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሳቀበት እስኪመሽ ሠራ። እና አንተ መሪጌታ፣ ይህ ልጅ ተሳስቻለሁ ማለት ያውቃል። ሲያውቅ ይላል፤ ካላወቀ አይልም። እኔ በኢያሱ አምናለሁ፤ ፀሐይ ቆሟል። እሱ ገና አልገባውም። መና በማግስቱ ይተላ ነበር፤ የእኛ ግን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ምግብ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሙሴ ጽፎት ቢሆን ልጁ አያምንም ነበር፤ ዓይኑ እያየ ኖራ የደፋበት ነው። እኛ ታገሥነው። አንተም ታገሠው።

እኔ ካፊያው ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ። ስለዚያ ኖራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የወቀሳ ቃል ሳይተነፍሱልኝ፣ ልጆቻቸውን ለእኔ እየላኩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ደግነት በየትኛው ገጽ ልጽፈው ነበር?

መጀመሪያ የተሰሙት አቶ ወልዴ ናቸው። ጉራጌ ናቸው፤ ቆጮ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ኖራ!» አሉ በታፈነ ድምፅ። «በቆጮ ላይ! ኖራ!» አሉና ፈነዱ። ቀጥሎ መሪጌታ ጀመራቸው። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሳል ይቀላቅላሉ፣ ጭናቸውን ይመታሉ፣ ሊያቆሙ ይሉና «ስለ ዝንብ አስተማረን» ብለው እንደገና ይነሣሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ ይመስለኛል እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሞኙ ሳይንስ የሚሉት ነገር መጥቶ ኢያሱን ሊገለብጥብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር! ለካስ ጓሮ የተቀበረውን ምግብ ከጉድፍ አይለይም! ይሄማ ኢያሱ ዘንድ በምን እግሩ ይደርሳል? በሉ፣ ልጄን ይውሰድ። ቤት ውስጥ የሚበላውንና የማይበላውን እሷ ታሳየዋለች።»

እልል በል ተፈራ! ደስ ይበልህ! እኔ ግን ደም ፍላቴ ተነሣ። ይሄ ፍርድ ነው? አንድ አላዋቂ አስተማሪ አንድ ጉድጓድ ላይ ስለተሳሳተ ሳይንስ ተሳሳተ ማለት ነው? ያንን ቆጮ ምግብ የሚያደርገው መፍላቱ ነው፣ መፍላቱን የሚያስረዳው ደግሞ ማን ሆነና! ስህተቱ የእኔ ነው፣ በእኔ ስህተት ምድር መዞሯን አታቆምም! ገብቼ ይህን ልነግራቸው፣ የኋላውን በር ልገፋ እጄን አሳረፍኩበት።

አስካለ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከማድ ቤት ብቅ አለች። በስብሼ እንደ ውሻ ቆሜ አየችኝ፤ እጄንም በሩ ላይ አየች፤ ፊቴን አንብባ ጨረሰች። ተጠጋችኝና በሹክሹክታ «ግባ» አለችኝ። «ግባና ተከራከር። ረትተህ ትወጣለህ፤ አባባም ቢሆኑ አይክዱህም። እኔ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ በላንድሮቨር ይርጋጨፌ እወርዳለሁ።»

እጄን ከበሩ ላይ አነሣሁ። ቤቴ ሄጄ ልብሴን ቀየርኩና ሽማግሌዎቼ ዜናውን ሲያመጡልኝ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ተቀበልኳቸው። እነሱም ስለ ኖራው ምንም እንዳልተነሣ ሆነው «በስንት መከራ፣ በስንት ጥበብ አሳመንናቸው» አሉኝ። መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪያርፉ ድረስ በየበዓሉ ገበታ ላይ ሳይንስ ኢያሱ ዘንድ አለመድረሱን ለእንግዳ ሁሉ ሲያስረዱ እኔ እያጎረስኳቸው ዝም እል ነበር። ግን የፈራሁ ወይ የተሸነፍኩ እንዳይመስላችሁ! ክርክሩን ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ተረትቼ አላውቅም፤ በልቤ ነው የምከራከረው።